ቂም ይዞ ጸሎት

አባቶቻችን «ቂም ይዞ ጸሎት፥ ሳል ይዞ ስርቆት» እያሉ ይተርቱ ነበር። ቃሉ አጭር ነው፤ ትምህርቱ ግን ሰፊ ነው። ሌባ በጨለማ ተሸሽጎ፥ እግሩን አለዝቦ፥ ትንፋሹን ውጦ ወደ ሰው ቤት ቢገባም፥ ሳል የያዘው እንደ ሆነ የገዛ ደረቱ ያጋልጠዋል። እንደዚሁም ቂመኛ ሰው ነጠላውን መስቀለኛ አጣፍቶ፥ ዳዊቱን ዘርግቶ በቤተ ክርስቲያን ቢቆም፥ ከንፈሩ የሚናገረውን ልቡ ይክደዋል። ሌባውን የሚሰማው ባለቤቱ ነው፤ ቂመኛውን የሚሰማው ግን የልብን ምሥጢር የሚያውቅ እግዚአብሔር ነው።

የተወደዳችሁ ምእመናን፤ ሰው የውስጥ ሰላም የሚያገኘው በምንድን ነው? ብዙዎች ሀብት ሲሟላ፥ ደዌ ሲርቅ፥ ጠላት ሲጠፋ ነው ብለው ያስባሉ። እንዲህስ ቢሆን ባለጸጋ ሁሉ በሰላም ባደረ፥ ድኻም ሁሉ ሲጨነቅ በነጋለት ነበር። ጌታችን ለደቀ መዛሙርቱ ሰላሙን የሰጣቸው መቼ እንደ ሆነ እናስተውል። በተያዘባት ሌሊት ነው፤ ይሁዳ አሳልፎ ሊሰጠው ከማዕዱ ተነሥቶ ከወጣ በኋላ ነው። በዚያችው ማታ ወንጌላዊው ዮሐንስ እንደ ጻፈው፥ የሚሸጠውን ሰው እግር ጭምር ዝቅ ብሎ አጥቦ ነበር። ሰላም ከውጭ ነገር የምትመጣ ብትሆን ኖሮ፥ ያች ሌሊት ሰላም የሚሰጥባት ሌሊት ባልሆነች ነበር። እንግዲህ ሰላም የምትገኘው የሚሸጠውን ሰው እግር ማጠብ ከሚችል ልብ መሆኑን ከዚህ እንረዳለን።

ይህችን ሰላም ከልብ የሚያስወጣት ከሁሉ ይልቅ ቂም ነው። ቁጣና ቂም አንድ አይደሉም። ቁጣ እንደ ነበልባል ነው፤ ቦግ ብሎ ይታያል፥ ቶሎም ይበርዳል። ቂም ግን በአመድ የተዳፈነ ፍም ነው። የቤት እመቤት ማታ ፍሙን በአመድ የምታዳፍነው እንዲጠፋ አይደለም፤ ለነገ እንዲቆይላት ነው እንጂ። ሰውም በደሉን በዝምታ አዳፍኖ «እኔ ትቼዋለሁ» ሲል፥ አንዳንድ ጊዜ ለነገ ማቆየቱ ነው። ከውጭ አመድ ብቻ ይታያል፤ ጥቂት ነፋስ ሲመጣ ግን ፍሙ እንዳለ ይገኛል። የተበዳዩ ስም ሳይሆን የበዳዩ ስም ሲነሣ ፊታችን የሚለወጥ፥ ሲከብር ሰምተን የምናዝን፥ ሲወድቅ ሰምተን ደስ የሚለን ከሆነ፥ ፍሙ ገና አልጠፋም።

ቅዱስ ጴጥሮስ ወንድሙን ስንት ጊዜ ይቅር ማለት እንደሚገባው ጌታን በጠየቀ ጊዜ፥ ጌታችን ስለ ሁለት ባለዕዳዎች በምሳሌ ነገረው። አንዱ ባሪያ ለንጉሡ 10,000 መክሊት ዕዳ ነበረበት፤ የሚከፍለውም ስላጣ ለመነው፥ ንጉሡም ራርቶ ሁሉን ተወለት። ያ ባሪያ እንደ ወጣ 100 ዲናር ያበደረውን ባልንጀራውን አንቆ ያዘው፥ እስኪከፍለውም ድረስ አሳሰረው። ንጉሡ ይህን በሰማ ጊዜ ምሕረቱን መልሶ ባሪያውን ለሚያሠቃዩት ሰጠው።

የዕዳውን መጠን እንመርምር። ዲናር በዚያ ዘመን ለአንድ ቀን ሠራተኛ የሚከፈል ዋጋ ነበር። ስለዚህ 100 ዲናር ማለት የ100 ቀን ድካም ነው፤ ይህም ለድኻ ሰው ቀላል ገንዘብ አይደለም። ጌታችን የበደሉንን በደል ከንቱ ነው አላለም፤ በደሉ እውነተኛ ዕዳ መሆኑን መስክሯል። ነገር ግን አንዱ መክሊት 6,000 ዲናር ያህል ስለ ሆነ፥ 10,000 መክሊት 60,000,000 ዲናር ይሆናል። ይህን ዕዳ በቀን ሥራ ልክፈል የሚል ሰው፥ በዓመት 300 ቀን ቢሠራና ከደመወዙ ምንም ባይበላ፥ 200,000 ዓመት ያስፈልገዋል። የእኛ በእግዚአብሔር ዘንድ ያለብን እንደዚህ ነው፤ ባልንጀራችን በእኛ ዘንድ ያለበት ከዚህ ጋር ሲመዛዘን ከ600,000 አንድ እጅ ነው። ባሪያው የጠፋው ባልንጀራው ስላልበደለው አይደለም፤ የተተወለትን በአንድ ጊዜ ስለ ረሳ ነው። ንጉሡም በሚያሠቃዩት እጅ ከመስጠቱ በፊት እርሱ ራሱ ባልንጀራውን ሲያንቅ እጁ አላረፈም ነበር። ሌላውን ያነቀ እጅ ለራሱም ነፃ አይደለምና።

በዚህ ነገር እኛ ካህናት ከሁሉ አስቀድመን ልንመረመር ይገባናል። ጌታችን መባውን ይዞ ወደ መሠዊያው የቀረበ ሰው ወንድሙ የተቀየመው መሆኑን ቢያስብ፥ መባውን በዚያው ትቶ አስቀድሞ እንዲታረቅ አዝዟል። በቤተ ክርስቲያናችን ሥርዓት ለቅዳሴ ቢያንስ 5 ልኡካን፥ ይኸውም 2 ካህናትና 3 ዲያቆናት ይቆማሉ። ከፍሬ ቅዳሴውም አስቀድሞ ዲያቆኑ ምእመናኑ እርስ በርሳቸው ሰላምታ እንዲሰጣጡ ያውጃል፤ ሕዝቡም ወደ ግራና ወደ ቀኝ እጅ ይነሣሣል። እንግዲህ በመቅደስ ውስጥ ያሉት አምስቱ ስለ መሬት፥ ስለ ሹመት፥ ወይም ስለ ገቢ ተኳርፈው ከሆነ፥ ለሕዝቡ የሚያውጁት ሰላም ከየት የመጣ ነው? ሕዝቡ ሰላምታውን የሚማረው ከቃላችን ብቻ አይደለም፤ ከመቅደስ ስንወጣ እርስ በርሳችን የምንተያየውን አይቶ ነው። በአንድ አባት ርስት ወሰን የተጣሉ ወንድማማቾች ዐቢይ ጾምን 55 ቀን ሙሉ ጾመው፥ በትንሣኤ ሌሊት በአንድ ቅጥር ውስጥ ቆመው፥ ሰላምታ ሳይለዋወጡ ቢመለሱ፥ እህሉን ከሆዳቸው አርቀዋል፥ ጥላቻውን ግን ከልባቸው አላራቁም።

ነገር ግን አንድ ሰው ተነሥቶ «የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳ» ይለን ይሆናል። እውነት ነው፤ ተረቱ የሰውን ባሕርይ ይናገራል። ለዚህ መልስ የሚሆነን የዮሴፍ ታሪክ ነው። ዮሴፍ 17 ዓመት ሲሆነው ወንድሞቹ ሸጡት፤ በባርነትና በወኅኒ ከኖረ በኋላ በ30 ዓመቱ በፈርዖን ፊት ቆመ። በጥጋቡ ዘመን የበኩር ልጁ ሲወለድለት፥ እግዚአብሔር መከራውን እንዳስረሳው ለማሳየት ስሙን ምናሴ ብሎ ጠራው። ወንድሞቹ ገና ለእህል አልመጡም፤ ይቅርታም አልጠየቁትም። ዮሴፍ ግን በልቡ አስቀድሞ ትቶላቸው ነበር። ይህ መርሳት የአእምሮ መርሳት አይደለም፤ ሲያያቸው ወዲያው አውቋቸዋልና፥ መሸጡንም ኋላ በአፉ ነግሯቸዋልና። መርሳቱ ቁስሉ ጠባሳ መሆኑ ነው። ጠባሳ ቁስል እንደ ነበረ ይመሰክራል፤ ሲነኩት ግን አያምም። ከተወጋ ሰው የሚፈለገው እንዳልተወጋ ሆኖ እንዲኖር አይደለም፤ ቁስሉን በየቀኑ እየቀረፈ እንዳያደማው ነው።

ደግሞም የወንድሞቹን ነገር እንመልከት። ያዕቆብ በግብፅ 17 ዓመት ኖሮ በሞተ ጊዜ፥ ወንድሞቹ ዮሴፍ አሁን ይበቀለናል ብለው ፈሩ። 17 ዓመት ከእጁ እየበሉ፥ በጥላው እየኖሩ፥ ይቅርታውን አላመኑም ነበር። ዮሴፍም ይህን ሲሰማ አለቀሰ፤ አጽናናቸውም። ከዚህ ሁለት ነገር እንማራለን። ይቅር ያለ ሰው ይቅርታውን በአንደበቱም በሥራውም ደጋግሞ ሊገልጥ ይገባዋል። ይቅር የተባለም ሰው ይቅርታውን ማመን አለበት። በነፍስ አባቱ ፊት ተናዝዞ፥ ቀኖናውን ፈጽሞ፥ ገና እግዚአብሔር ይቀየመኛል እያለ የሚባዝን ምእመን፥ እንደ ዮሴፍ ወንድሞች በጠገበበት ቤት ሳለ በስጋት ይኖራል።

ይቅርታ ማለት ግን በደልን ደግ ነው ማለት አይደለም፤ የተበደለውንም ሰው ለዳግመኛ በደል አሳልፎ መስጠት አይደለም። ዘኬዎስ ጌታን በቤቱ በተቀበለ ጊዜ የቀማውን አራት እጥፍ እንዲመልስ ተናገረ፤ ንስሓው እጁን አስዘረጋው። መሬቱን የተቀማ ሰው በዳኛ ፊት ቢቆም ቂመኛ አይባልም፤ ቂመኛ የሚባለው ፍርድ ከተሰጠ በኋላም የባልንጀራውን ጥፋት የሚመኘው ነው። ሚስቱን የሚደበድብ ባል «ይቅር በይኝ» የሚለውን ቃል እንደ ምሽግ ቢይዘው፥ ነፍስ አባት እርስዋን «ታገሺ» ከማለቱ አስቀድሞ እርሱን «እጅህን ሰብስብ» ሊለው፥ እርስዋም በደኅና ቦታ እንድትቀመጥ ሊያደርግ ይገባል። ይቅርታ ልብን ከጥላቻ ያድናል፤ ዱላን ግን አይባርክም።

በአገራችን በቆየው የዕርቅ ሥርዓት በዳይ ድንጋይ ተሸክሞ በተበዳይ እግር ላይ ይወድቃል፤ ሽማግሎች ይለምኑለታል፤ ተበዳይም «ይቅር ለእግዚአብሔር» ይላል። ይህን ቃል እናስተውለው። «ይቅር፥ ይገባሃልና» አላለም፤ «ለእግዚአብሔር» አለ እንጂ። ተበዳይ የበዳዩን ደግነት ቢመዝን ዕርቅ አይፈጸምም፤ ምክንያቱን ወደ እግዚአብሔር ሲያነሣው ግን ድንጋዩ ከሁለቱም ይወርዳል። በዳይ ድንጋዩን በትከሻው ተሸክሞታል፤ ተበዳይ ደግሞ እስከዚያች ሰዓት ድረስ በልቡ ተሸክሞት ነበር።

ቂምን መተው ግን መጀመሪያ ነው፤ ባዶውን ቦታ የሚሞላው ፍቅር ነው። ፍቅርም ልብ እስኪሞቅ ድረስ የሚጠበቅ ነገር አይደለም። በኦሪት ዘፀአት ምዕራፍ 23 የተጻፈውን ትእዛዝ እንመልከት፤ የጠላትህ በሬ ወይም አህያ ጠፍቶ ብታገኘው መልስለት፥ የሚጠላህ ሰው አህያ ከጭነቱ በታች ወድቆ ብታይ አብረኸው አንሣ የሚል ትርጉም ያለው ነው። ሕጉ በመጀመሪያ ስሜትህን ለውጥ አላለም፤ እጅህን ዘርጋ አለ። ሁለት ጠላቶች በአንድ ጭነት ሥር ትከሻቸውን አግጥመው አህያይቱን ሲያነሡ፥ የልባቸውም ሸክም አብሮ ይነሣል። እንግዲህ ፍቅር የራቀው ሰው ከሥራ ይጀምር። የተቀየመውን ሰው በስሙ ጠርቶ በጸሎቱ ያስብ፤ ታሞ ከሆነ ይጠይቀው፤ ኀዘን ከደረሰበት ለቅሶ ይድረሰው፤ በመንገድ ሲያገኘው እርሱ አስቀድሞ እጅ ይንሣ።

ይህ ሁሉ አንድ ጊዜ ተደርጎ የሚያበቃ አይደለም። ቤት ዛሬ ቢጠረግ ነገ አቧራ እንደሚይዝ፥ ልብም እንደዚሁ ነው። ስለዚህ ቤተ ክርስቲያን ቀኑን ለ7 የጸሎት ጊዜያት ከፍላ ሰጠችን፤ ነግህ፥ 3 ሰዓት፥ 6 ሰዓት፥ 9 ሰዓት፥ ሠርክ፥ ንዋምና መንፈቀ ሌሊት ናቸው። ገበሬውም ነጋዴውም የመሥሪያ ቤት ሠራተኛውም ሁሉን መፈጸም ባይችል፥ ቀኑ ሲመሽ ራሱን መመርመርን ሊተው አይገባውም። ነቢዩ ዳዊት በ4ኛው መዝሙሩ በጭንቅ ጀምሮ በሰላም በመተኛት ይፈጽማል። በመካከሉ ያስቀመጠው ቁጣ ወደ ኀጢአት እንዳያደርስ መጠበቅንና በመኝታ ላይ ከልብ ጋር መነጋገርን ነው። ሐዋርያው ጳውሎስም ይህንኑ ወስዶ ለኤፌሶን ሰዎች በቁጣ ላይ ፀሐይ እንዳይገባ ጻፈላቸው። ፍሙ ሳይዳፈን መጥፋት አለበት ማለቱ ነው።

ስለዚህ ምእመን ከመተኛቱ በፊት ልቡን ሦስት ጥያቄ ይጠይቅ። ዛሬ እግዚአብሔር ምን ተወልኝ? ዛሬ ማንን በደልሁ? ዛሬ ማንን ተቀየምሁ? ሥርዓቱን ያስተውሉ፤ የተተወልንን አስቀድሞ ያሰበ ሰው፥ የበደለውን ለማመን አይፈራም፤ የበደለውንም ያመነ ሰው፥ የበደለውን ሰው ለመማር አይከብደውም። በግብፅ በረሃ በአስቄጥስ የነበረው አባ ሙሴ ጸሊም፥ መነኮሳት በአንድ ወንድም በደል ሊፈርዱ በጠሩት ጊዜ፥ የሚያፈስ ማድጋ ውኃ ሞልቶ ተሸክሞ መጣ። ምን እንደ ሆነ ሲጠይቁት፥ ኀጢአቱ ከበስተኋላው እንደሚፈስና እርሱ ግን ሳያየው በሌላ ሰው ሊፈርድ እንደ መጣ ነገራቸው። እነርሱም ወንድማቸውን ይቅር አሉት። የማታ ምርመራ ማለት ዘወር ብሎ የማድጋን ፍሳሽ ማየት ነው።

እንግዲህ ምእመናን ሆይ፤ ይህን ስታነቡ በልባችሁ የመጣ አንድ ስም ቢኖር፥ ያ ስም በከንቱ አልመጣም። ዛሬ ማታ በዚያ ሰው ስም አንድ ጊዜ አቡነ ዘበሰማያት ድገሙ፤ ነገ ደግሞ ሽማግሌ ላኩ፥ ወይም እናንተው ሂዱ። እርሱ ባይቀበል እንኳ ድንጋዩ ከእናንተ ይወርዳል። በመስቀሉ ላይ ሆኖ ለሰቀሉት ምሕረትን የለመነ መድኃኒታችን ኢየሱስ ክርስቶስ፥ ከቂም የነጻ ልብና በጎ እንቅልፍ ያድለን፤ ለዘለዓለሙ አሜን።