የአርባ ቀን ዕድልና የሺህ ቀን አደራ

ስለ ንጉሥ ቅዱስ ላሊበላ መወለድ በላስታ ሲነገር የኖረ ታሪክ አለ፤ ይኸውም ሕፃኑ በተወለደ ጊዜ ንቦች መጥተው ከበቡት፥ እናቱም ይህን አይታ ንቦቹ ንግሥናውን ዐወቁለት ብላ ስሙን አወጣችለት የሚል ነው። ሕዝቡም ከዚህ ታሪክ የሚወስደው ትምህርት ብዙ ጊዜ አንድ ብቻ ነው፤ የሰው ዕድሉ ገና በሕፃንነቱ ተቈርጦለታል የሚል። በየመንደሩም ልጅ ሲቀጭጭ፥ ወይም አለመጠን ሲወፍር፥ ወይም ሲሞት፥ «የአርባ ቀን ዕድሉ ነው» ተብሎ ነገሩ ይዘጋል። ዳሩ ግን ዐለቱን የፈለፈሉት ንቦች አይደሉም። መላእክት ሌሊት ሌሊት ይረዱ ነበር የሚለው ትውፊት እንኳ ቀን ቀን የሚሠሩት ሰዎች እንደ ነበሩ ይነግረናል።

እንግዲህ ዛሬ አንባቢዎችን ልጠይቅ የምወደው ይህን ነው፤ የሕፃን ሰውነት መጕደሉም ሆነ አለልክ መብዛቱ የአርባ ቀን ዕድል ነውን? ወይስ በወላጅ፥ በጎረቤት፥ በካህንና በአገር አስተዳዳሪ እጅ የተሰጠ አደራ ነው? አደራስ ከሆነ፥ ሌላ ሰው በእናት ድስት ላይ ቃል ለመናገር ምን መብት አለው?

አስቀድሞ ሐኪሞች የሚሉትን እንስማ። ከፅንስ ጀምሮ ሕፃኑ ሁለት ዓመት እስኪሞላው ያለው ዘመን ቢቈጠር 1000 ቀን ያህል ይሆናል፤ 270 ቀን በማኅፀን፥ 730 ቀን ከማኅፀን ውጭ። አጥንትና አእምሮ መሠረታቸውን የሚጥሉት በዚህ ጊዜ ነው፤ በዚህ ጊዜ የጐደለውም በኋላ በጥጋብ ዘመን በቀላሉ አይመለስም። ይህን ጕዳት መቀንጨር ይሉታል። በአገራችን በ1992 ዓ.ም. በተደረገው የሕዝብና የጤና ጥናት፥ ዕድሜያቸው ከአምስት ዓመት በታች ከሆነ ከ100 ልጆች 58ቱ የቀነጨሩ ነበሩ፤ በ2008 ዓ.ም. 38፥ በ2011 ዓ.ም. 37 ሆኑ። በ2008ቱ ጥናት የአማራ ክልል ከክልሎች ሁሉ በልጦ ከ100 ልጆች 46ቱ የቀነጨሩበት ሆኖ ተገኘ። ይህን ቍጥር ያየ ሰው ያስተውል፤ ነገሩ የተቈረጠ ዕድል ቢሆን ኖሮ በ16 ዓመት ውስጥ ከ58 ወደ 38 ባልወረደ ነበር። ዕድል በጤና ጣቢያና በመንገድ፥ በትምህርትና በመከር አይለወጥም፤ ይህ ግን ተለወጠ።

በሌላው ዓለም ደግሞ ሰዎች በተቃራኒው ሕመም ይጨነቃሉ። የዓለም ጤና ድርጅት እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ለ2022 ባወጣው ግምት፥ ከአምስት ዓመት በታች ካሉት ሕፃናት 37 ሚሊዮን፥ ከአምስት እስከ ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ካሉትም ከ390 ሚሊዮን የሚበልጡ ከልክ ያለፈ ክብደት አለባቸው። በኢትዮጵያ ይህ ገና ጥቂት ነው፤ በ2008 ዓ.ም. ከ100 ሕፃናት አንድ፥ በ2011 ዓ.ም. ሁለት ብቻ ነበሩ። ስለዚህ የላስታ ባላገር «ይህ የጥጋበኞች ጕዳይ ነው፥ እኛን አይነካንም» ቢል የሚፈረድበት አይመስልም።

ነገር ግን ሁለቱ ሕመሞች የአንድ መዝገብ ሁለት ገጾች ናቸው። በማኅፀን ሳለ የተራበ ሰውነት ጥቂት ይዞ ብዙ መቈጠብን ይማራል፤ ኋላ ስኳርና ቅባት በበዛበት ከተማ ሲገባ ያ የቍጠባ ልማድ ይጎዳዋል። በሰሜን ወሎ በራያ ቆቦ በተደረገና በ2012 ዓ.ም. በወጣ ጥናት፥ በ1977ቱ ረሀብ ዘመን በእናታቸው ማኅፀን የነበሩ ሰዎች ጎልማሶች ሲሆኑ፥ የወገብ ውፍረት፥ የደም ግፊትና የደም ስኳር መብዛት አንድነት የሚታዩበት ሕመም ከሌሎቹ ይልቅ በዝቶባቸው ተገኝቷል። የያኔው ረሀብ ከዐርባ ዓመት በኋላ በሰውነታቸው ውስጥ ገና አላለቀም ማለት ነው። የከተማው ሰውም ልጁ ሲወፍር «ተመስገን፥ ጠገበልኝ» እያለ ለስላሳውንና ብስኩቱን ሲጨምርለት፥ አያቱ የተራቡትን ረሀብ በልጁ ላይ የሚበቀል ይመስለዋል። የፍቅር ስሕተት ነውና ልንስቅበት አይገባንም፤ ዝም ልንለውም ግን አይገባንም።

መንግሥት በዚህ ነገር ምን አደረገ? በሐምሌ ወር 2007 ዓ.ም. የሰቆጣ ቃል ኪዳን የተባለው ታወጀ፤ ዐላማውም እስከ 2022 ዓ.ም. ድረስ ከሁለት ዓመት በታች ባሉ ሕፃናት ላይ መቀንጨርን ማጥፋት ነው። ሰቆጣ ከላስታ በስተ ሰሜን ያለች የዋግ ከተማ ናት። መጀመሪያውም ሥራ የተጀመረው ከላስታ ተራሮች በሚመነጨው በተከዜ ተፋሰስ፥ በአማራና በትግራይ ባሉ 40 ወረዳዎች ነበር። በዚህ ሥራ ውስጥ ከገቡት አዳዲስ ነገሮች አንዱ፥ ስሙን ከቤተ ሙከራ የወሰደ የማኅበረሰብ ጉባኤ ነው፤ ገበሬውና እናቲቱ፥ የጤናና የእርሻ ሠራተኛው፥ የሃይማኖት አባቱም አንድነት ተቀምጠው ችግሩን ራሳቸው ይተነትናሉ፥ መፍትሔውንም ራሳቸው ይሞክራሉ።

ይህ መንገድ የእኛ ብቻ አይደለም። በሰሜን ፈረንሳይ ፍሌርቤና ላቫንቲ በሚባሉ ሁለት ትናንሽ ከተሞች እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1992 ስለ ምግብ በትምህርት ቤት ማስተማር ተጀመረ። ትምህርቱ በትምህርት ቤት ብቻ በነበረ ጊዜ የልጆቹ ውፍረት መጨመሩን አልተወም፤ የከተማው ሹም፥ ሐኪሙና ሌላውም ሕዝብ ከገቡበት በኋላ ግን ነገሩ ተመለሰ። በ2004 ከ100 ልጆች ውፍረት የነበረባቸው 9 ያህል ሲሆኑ፥ በሚነጻጸሩ በሌሎች ከተሞች 18 ያህል ነበሩ። እንግዲህ ረሀብን ለማራቅም ሆነ ውፍረትን ለመከልከል የተገኘው ጥበብ አንድ ነው፤ ይኸውም ሰዎችን ሰብስቦ መምከር ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ እንመለስ። «ልጁ የእኔ፥ ድስቱም የእኔ፤ ጉባኤው ምን አገባው?» የሚል ወላጅ አለ። ለዚህ መልስ ለመስጠት ሩቅ አንሄድም። ወንዱን በ40 ሴቷን በ80 ቀን ለጥምቀት ስናቀርብ፥ ከወላጅ ሌላ የክርስትና አባት ወይም የክርስትና እናት እንድትቆም ቤተ ክርስቲያን ታዛለች። ልጅ ለወላጁ ብቻ የተሰጠ ገንዘብ ቢሆን ኖሮ ይህ ሥርዐት ከንቱ በሆነ ነበር። ስለዚህ ጎረቤት ስለ ልጅ መጠየቁ አዲስ ነገር አይደለም፤ የተረሳ ነገር ነው እንጂ።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከፊተኛው ይከብዳል። ምክር የተባለው ብዙ ጊዜ ትእዛዝ ይሆናል። መዝገብ ይዞ የሚመጣ ሰው የሕፃኑን ክንድ በጥብጣብ ይለካል፤ ቀይ ሲወጣ እናቲቱን ያያታል፤ በዓይኑ ይፈርድባታል። እርሷ ግን ጎተራው ባዶ ነው፥ ላሟም ተሸጣለች። እንቍላል አብዪ፥ ወተት ጨምሪ ማለት እንቍላልና ወተት ለሌላት ሴት ምክር አይደለም፤ የተራቈተውን ሰው «ሂድ፥ ሙቅ» ብሎ እንደ ማሰናበት ነው፥ ሐዋርያው ያዕቆብም በዚህ ወቅሶናል። በሐምሌ 2013 ዓ.ም. ጦርነት ላሊበላ ድረስ በገባ ጊዜ፥ ድርቅም በየጊዜው ሲመላለስ፥ እናቶች የጐደላቸው ዕውቀት አልነበረም። ስለዚህ እኔ አንድ ሕግ ልጨምር እወዳለሁ፤ መካሪ የሆነ ሰው ምክሩን ለመፈጸም ከሚያስፈልገው ነገር ሊሸከም የሚችለውን ያህል ድርሻ ይውሰድ። ሹሙ ውሃውንና መንገዱን፥ የእርሻ ሠራተኛው ዘሩንና ዶሮውን፥ ባለጠጋው እህሉን። የሚመክር እንጂ የማይሸከም ጉባኤ ለድኻ ሁለተኛ ግብር ነው።

የጉባኤውም ፈተና ይህ ነው፤ ከሁሉ የምታንሰው እናት ተነሥታ «ያላችሁት አይሆንልኝም፥ ምክንያቱም ይህ ነው» ብትል ሳትፈራ ትናገራለችን? ብትናገርስ ነገሯ ይጻፍላታልን? ይህ ካለ ምክር ነው። ከሌለ ግን ነገር ዐዋቂዎች ተሰብስበው ለበላይ የሚልኩት ወረቀት ብቻ ነው።

ሦስተኛው ነገር እኛን ካህናትንና ምእመናንን የሚነካ ነውና ሳላነሣው ብቀር ራሴን እወቅሳለሁ። ሕዝባችን በዓመት ከ180 ቀን የሚበልጥ ይጾማል፤ ይህም ክብራችን ነው። ቤተ ክርስቲያን ጾምን በጡት ልጅ ላይ አልጫነችም፤ ልጅ መጾም የሚለምደው ከሰባት ዓመቱ ጀምሮ ነው። ነገር ግን በብዙ ቤት እናቲቱ የጾሙ ድስት በፍስክ እንዳይነካ ትፈራለች፤ ጎረቤትም ቢያያት ታፍራለች፤ ስለዚህ የአሥር ወር ሕፃን ማንም ጹም ሳይለው ከእንቍላልና ከወተት ይጾማል። ጾም ምንድር ነው? ሰው በፈቃዱ የራሱን ትቶ ለአምላኩ የሚያቀርበው መሥዋዕት ነው። ፈቃድ የሌለው ሕፃን ሊያቀርበው አይችልም። እንግዲህ የእርሱ መራብ ጾም አይባልም፤ የእኛን ጾም ከእርሱ አጥንት እንደ መክፈል ነው።

ይህን ለማቅናት አዋጅ አያስፈልግም። በአማራ ክልል ካህናት ስለ ሕፃናትና ስለ ነፍሰ ጡሮች አመጋገብ እንዲያስተምሩ የተጀመረው ሥራ መልካም ነው፤ ነገር ግን ከስብከቱ ይልቅ የሚበልጥ መንገድ አለን። በየቤቱ የሚገባ፥ ሳይጠራ የሚቀበሉት፥ ቃሉን የሚሰሙት አማካሪ የነፍስ አባት ነው። እርሱ «ለሕፃኑ አንዲት ትንሽ ድስት ለይተሽ አስቀምጪለት፤ የእርሱ መብላት የአንቺን ጾም አያፈርስም» ቢላት፥ ይህች አንዲት ቃል ከብዙ ስብሰባ ትበልጣለች። ነፍሰ ጡርና አራስ የሆነችውም ስለ ራሷ ስትጠይቀው፥ ዝም ብሎ ከሚሸኛት እንደ አቅሟ ቢያሳርፋት አባትነቱ ይታወቃል። የከተማው ካህንም ለወፋፍራሞቹ ልጆች ወላጆች እንዲሁ ይናገር፤ ለአንዱ ጨምር፥ ለአንዱ ቀንስ ማለት የአንድ እረኛ ሥራ ነው።

«እግዚአብሔር ያላለው አይሆንም፥ ለምን እንደክማለን?» የሚለኝ ቢኖር፥ እኔም እግዚአብሔር ያላለው እንደማይሆን አምናለሁ። ነገር ግን ያለውን የሚፈጽመው ብዙ ጊዜ በሰው እጅ ነው፤ ከሰማይ መና ያወረደ አምላክ ለነቢዩ ኤልያስ በሰራፕታ በአንዲት መበለት እጅ እንጀራ ሰጥቶታል። በገና ሰሞን ወደ ላሊበላ የሚመጣውን ምእመን የከተማይቱ ሰው እግሩን አጥቦ፥ ካለው አካፍሎ ያሳድረዋል፤ የመንገደኛው ራት የዕድሉ ነው ብሎ በሩን አይዘጋም። ለሦስት ቀን እንግዳ ይህን ያደረገ ሕዝብ፥ ለሺህ ቀን እንግዳው ለሕፃኑ ከዚህ ያነሰ ሊያደርግ አይገባውም።

ስለዚህ በአርባና በሰማንያ ቀን ሕፃኑን ከጥምቀት የሚቀበል የክርስትና አባት፥ ነጠላውን አልብሶ ወደ እናቱ ሲመልሰው፥ ነገሩ በዚያ ቀን ድግስ አለቀ አይበል። ከዚያ በኋላ ገና ከስድስት መቶ ቀን በላይ ይቀራል። በየበዓሉ ሲመጣ «ልጄ እንዴት ነው?» ብቻ ሳይሆን «ልጄ ምን በላ?» ብሎ ይጠይቅ፤ የጐደለውንም ከቤቱ ይዞ ይምጣ።