ስለ አጥንትና ስለ ሚዛን

ዮሴፍ በግብፅ ሳለ የዕረፍቱ ጊዜ በቀረበ ጊዜ ወገኖቹን ያማላቸው ስለ ሹመቱ ወይም ስለ ሀብቱ ሳይሆን ዐፅሙን ከዚያ አገር ይዘው እንዲወጡ ነበረ፤ ሙሴም ሕዝቡን ይዞ ሲወጣ ያን መሐላ አልዘነጋም። ቅዱሳት መጻሕፍት ነፍስ ለተለየችው ዐፅም ይህን ያህል ክብር ከሰጡ፥ ባለቤቱ ቆሞ ሲሄድ ሳለ ውስጥ ውስጡን እየሳሳ ለሚያልቀው አጥንት ምን ያህል ገንዘብና ምን ያህል ድካም ይገባዋል የሚለው ጥያቄ ለሐኪሞች ብቻ የሚተው አይመስለኝም።

የአጥንት መሳሳት ድምፅ የሌለው ደዌ ነው። ይልቁንም በሴቶች ላይ የወር አበባ ከተቋረጠ በኋላ ይፈጥናል፤ ምንም ሕመም ሳያሰማ ዘመን ይቆይና፥ ወጣት ቢሆን ኖሮ ልብሱን አራግፎ በሚነሣበት አወዳደቅ የዳሌ አጥንት ይሰበራል፤ ዳሌያቸው ከተሰበረ አረጋውያንም ከአምስቱ አንዱ ያህል ዓመት ሳይሞላቸው ያርፋሉ። እኛ ግን እናታችን ወገባቸው ሲጎብጥ እርጅና ነው ብለን እናልፈዋለን እንጂ የአከርካሪ አጥንት ተደርምሶ ይሆናል ብሎ የሚጠረጥር ጥቂት ነው።

ለዚህ ደዌ የሚሰጠው አሌንድሮኔት የተባለው ኪኒን በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1995 የተፈቀደ ሲሆን፥ በማግሥቱ ዓመት የታተመ ትልቅ ጥናት ቀድሞ አከርካሪያቸው በተጎዳ ሴቶች ላይ የዳሌን ስብራት በግማሽ ያህል መቀነሱን አሳየ። ግማሽ ሲባል ብዙ ይመስላል፤ ነገር ግን ከመቶ ሴቶች ሁለቱ ሊሰበሩ በነበሩበት ዘመን አንዷ ብቻ ተሰበረች ማለት ከሆነ፥ መቶው ሁሉ መድኃኒቱን ሲውጡ ኖረው የተረፈችው አንዲት ናት፤ እርሷም እኔ ነኝ ብላ አታውቅም። ስለ ተደረገልን ማመስገን ቀላል ነው፤ ሳይደርስብን ስለ ቀረው ማመስገንን ግን ያስተማረን ከሐኪም ይልቅ ስለ መጠበቃችን ምስጋና የሚያቀርበው የቅዳሴው ጸሎት ነው። በአንጻሩ ጉዳቱ ስምና መልክ አለው፤ ጕሮሮና ደረት የሚያቃጥል፥ እጅግ አልፎ አልፎም የመንጋጋን አጥንት የሚያበሰብስ ወይም ከብዙ ዓመት አጠቃቀም በኋላ የጭንን አጥንት የሚሰነጥቅ ነው። ሰው የሚታየውን ጉዳት ከማይታየው ጥቅም አብልጦ ቢፈራ አልፈርድበትም።

በእንግሊዝ አገር የመድኃኒትን ጥቅም ከዋጋው ጋር የሚመዝን ናይስ የሚባል የመንግሥት ተቋም አለ፤ በሙሉ ጤና የሚኖር አንድ ዓመት ለመግዛት ከ20,000 እስከ 30,000 ፓውንድ ድረስ ማውጣት ተገቢ ነው ሲል ለብዙ ዓመታት ኖሯል። እ.ኤ.አ. በ2008 ባወጣው መመሪያ ግን፥ ርካሹን አሌንድሮኔት ሰውነቷ ያልተቀበለው ሴት ዋጋው ከፍ ያለውን ሌላ መድኃኒት ለማግኘት አጥንቷ ለአሌንድሮኔቱ ከተቀመጠው መስፈርት ይልቅ ሳስቶ መገኘት ነበረበት። ሚዛን መያዙን አልነቅፍም፤ የጋራ ካዝና ልክ አለውና፥ አንቈጥርም የሚል ሰው ካዝናውን ድምፁ ለጎላ መስጠቱ ነው። የምነቅፈው፥ ሕመምተኛዋን እስክትብሺ ጠብቂ ብሎ መባስን እንደ ብቃት መቍጠሩን ነው። ደግሞ የኪኒኖቹ ዋጋ እጅግ በወረደበት እ.ኤ.አ. በ2017 ያው ተቋም በ10 ዓመት ውስጥ ከመቶ አንድ የስብራት ሥጋት ላለባት እንኳ ወጪው ያዋጣል አለ፤ ይህ የሒሳብ ወሰን እንጂ የሕክምና ትእዛዝ እንዳልሆነም ተገለጠ። በዘጠኙ ዓመት የሴት አጥንት አልተለወጠም፤ የተለወጠው ዋጋው ነው። እንግዲህ ሚዛኑ ካዝናው ምን እንደሚችል ይነግረናል እንጂ ለዚያች ሴት ምን እንደሚገባት አይነግረንም።

በሒሳቡ ውስጥ ያልገባ ሌላም ወጪ አለ። ኪኒኑ በሳምንት አንድ ቀን፥ ማለዳ፥ በባዶ ሆድ፥ ከአንድ ሙሉ ብርጭቆ ውሃ ጋር ይዋጣል፤ ከዚያም ግማሽ ሰዓት ሳይተኙ መቈየት ያስፈልጋል። ቆሞ መቈየቱ ማለዳ ለምትጸልይ እናት ምንም አይደለም፤ ውሃው ግን በጾም ቀን ጭንቅ ነው፥ ብዙዎችም ለሐኪሙ ሳይነግሩ ኪኒኑን በመሳቢያ ውስጥ ይተዉታል። የንስሐ አባታቸውን ቢያማክሩ ኖሮ ግን መፍትሔው ቅርብ ነበር፤ በዐቢይ ጾም ስንኳ ቅዳሜና እሑድ ከጥሉላት እንጂ ከእህልና ከውሃ አይጾምምና፥ ከቀዳም ስዑር በቀር፥ ወደማይቆርቡበት ቅዳሜ ማለዳ ኪኒኑን ማዛወር ይበቃል።