ያች ኪኒን ከምን ተሠራች?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የዛሬው ርእሳችን ከስብከት ይልቅ የመድኃኒት ቤት ወሬ ሊመስላችሁ ይችላል። ነገር ግን እዚሁ ሐሙሲት በደጃችን የቆመ የሕሊና ጥያቄ ስለ ሆነ በዝምታ ልናልፈው አልወደድንም። ጥያቄውም ክርስቲያን ከአሳማ ዕጢ የተሠራ መድኃኒት ሊውጥ ይገባዋልን? የሚል ነው።

ነገሩን ያነሣብን የአንዲት እናታችን መታመም ነው። እኒህ እናት የአንገታቸው ዕጢ ሥራው ስለ ደከመ በየቀኑ ኪኒን እንዲወስዱ ሐኪም አዘዘላቸው፤ ወስደውም ብርታት አገኙ። በኋላ ግን በዚሁ በሽታ የምትታከም በውጭ አገር የምትኖር ዘመዳቸው የእርሷ መድኃኒት ከአሳማ የተዘጋጀ መሆኑን በስልክ አጫወተቻቸው። እናታችንም ሐኪሙን ሳይጠይቁ፣ የንስሐ አባታቸውንም ሳያማክሩ፣ ለልጆቻቸው እንኳ ሳይናገሩ ኪኒኑን ተዉት። ሁለት ሳምንት ያህል ምንም አልተሰማቸውም፤ እንዲያውም «ይኸው ያለ እርሱም ኖርኩ» ይሉ ነበር። ከዚያ በኋላ ግን ብርዱ፣ ድካሙ፣ የፊት ማበጡና የድምፅ መጎርነኑ ተራ በተራ ተመለሰባቸው።

መጀመሪያ ላይ ደኅና መሆናቸው አያስገርምም። የዚህ መድኃኒት ኃይል በደም ውስጥ በእኩሌታ ለመቀነስ አንድ ሳምንት ያህል ይፈጅበታል። ያቆመ ሰው ስንቁን እየበላ እንደሚጓዝ መንገደኛ ነውና አቁማዳው ባዶ መሆኑን የሚያውቀው ዘግይቶ ነው።

ታይሮይድ የሚባለው ይህ ዕጢ በጉሮሮ ፊት ለፊት ይገኛል። ታይሮክሲን የተባለውን ቅመም እያመነጨ የሰውነትን ሙቀት፣ የልብን ምትና የምግብን መቃጠል ይመራል። በጽንስና በሕፃንነት ጊዜ ቢጎድል የአእምሮን እድገት ይጎዳል። ሲጎድል የመተካቱ ጥበብ የተጀመረውም በእርግጥ ከእንስሳ ነው። ጆርጅ መሪ የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1891 ከበግ ዕጢ ያዘጋጀውን ፈሳሽ ለአንዲት በሽተኛ በመርፌ ሰጣት። ሴትዮዋ ከዚያ ወዲህ 28 ዓመት ኖራ እ.ኤ.አ. በ1919 በ74 ዓመቷ ዐረፈች። በእነዚያ ዓመታት የወሰደችው ሁሉ የተገኘው ከ870 ከሚበልጡ በጎች ነበር። (የእኛ አገር ሰው ቢሆን ኖሮ አስቀድሞ «በጉን ማን ባረከው?» ብሎ ይጠይቅ ነበር።) ቆይቶም በየቄራው የሚታረዱት የአሳማዎች ዕጢ ደርቆና ተፈጭቶ ኪኒን ሆነ። አሜሪካዊው ኤድዋርድ ኬንዳል ታይሮክሲንን ለይቶ ያወጣው እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 25 ቀን 1914፣ በምዕራባውያን የልደት በዓል ዕለት ነበር። 33 ግራም ብቻ ለማግኘት ሦስት ቶን ያህል የአሳማ ዕጢ ፈጅቷል። እ.ኤ.አ. በ1927 ግን ቻርልስ ሃሪንግተንና ጆርጅ ባርገር ያንኑ ቅመም እንስሳ ሳያስፈልጋቸው በቤተ ሙከራ ሠሩት።

ዛሬ በአገራችን ሐኪሞች የሚያዙት ሌቮታይሮክሲን የዚያ ልጅ ነው። የሚሠራው በፋብሪካ በኬሚስትሪ ጥበብ እንጂ ከአሳማም ከበግም አይደለም። እናታችን የተዉትም ይህንኑ ነው! ዘመዳቸው ግን አልዋሸችም። በአሜሪካ አርመር ታይሮይድ የተባለውና መሰሎቹ ከአሳማ ዕጢ ተዘጋጅተው ይሸጣሉ፤ እርሷ የተናገረችው ስለ ራሷ ኪኒን ነበር። የሁለት ሰዎች በሽታ አንድ ስለ ሆነ መድኃኒታቸውም አንድ ነው ማለት አይደለም።

አንድ ነገር ግን እንዳንደብቅ። ዋናው ቅመም ከእንስሳ ባይሆንም ኪኒኑን ለመጠፍጠፍ አንዳንዱ ፋብሪካ የወተት ስኳር፣ አንዳንዱም ከእንስሳ አጥንትና ቆዳ የሚወጣውን ጄላቲን ይጨምራል። ይህም በካርቶኑ ውስጥ ባለችው ወረቀት ላይ በደቃቅ ፊደል ተጽፎ ይገኛል።

እንግዲህ ምን እንበል? በመጀመሪያ ከአሳማ በሚርቅ ሰው ማንም እንዳይስቅ። በኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 11 የተጻፈውን አባቶቻችን ጠብቀውት ኖረዋል፤ ሙስሊም ጎረቤቶቻችንም በዚህ ከእኛ አይለዩም። እኛ ዩኒቨርሲቲ ገብተን የመጣን ወጣቶች «ይህ ኋላ ቀርነት ነው» ብለን ብንሳለቅ እናቶቻችን ጥያቄያቸውን ይሸሽጉናል፤ የተሸሸገ ጥያቄ የሚያደርሰውን ደግሞ አይተናል። መድኃኒት የሚሰጥ ሰውም ቢሆን በሽተኛው የሚውጠው ከምን እንደ ተሠራ ሲጠየቅ በግልጽ ሊናገር ይገባዋል። «ዝም ብለሽ ዋጪ» ማለት መልስ አይደለም።

ሆኖም የእንስሳ ክፍል ለመድኃኒት መሆኑ ለቅዱስ መጽሐፍ እንግዳ ነገር አይደለም። በየዓመቱ ጳጉሜን 3 ቀን የምናከብረው ሊቀ መላእክት ቅዱስ ሩፋኤል በመጽሐፈ ጦቢት ለጦብያ ያስተማረውን አስቡ፤ የዓሣውን ሐሞት እንዲያስቀምጥ አዘዘው፣ በእርሱም የአባቱ ዓይን በራ። ሲራክም በምዕራፍ 38 መድኃኒትን ከምድር ያስገኘ እግዚአብሔር እንደ ሆነና አስተዋይ ሰው እንደማይንቀው ያስተምራል። «ዓሣው ንጹሕ ነው፤ አሳማው ግን?» የሚል ይኖራል፤ ጥያቄውም የተገባ ነው። ዳዊት ሲራብ ለካህናት ብቻ የተፈቀደውን ኅብስት መብላቱን ጌታችን ለከሳሾቹ ማስታወሱን፣ እጁ የሰለለችውንም ሰው በሰንበት መፈወሱን እናስብ። ሌላ መድኃኒት ካለ ሌላውን መምረጥ መልካም ነው። ሌላ ከሌለና ነፍስ የምትጠፋ ከሆነ ግን ለመዳን የተወሰደ መድኃኒት ለሆድ ምኞት ከተበላ ሥጋ ጋር አንድ ሚዛን ላይ ይቀመጣል ብለን አናምንም። እ.ኤ.አ. ከ1922 ጀምሮ ለስድሳ ዓመት ያህል የስኳር ሕሙማን በሕይወት የቆዩት ከበሬና ከአሳማ ቆሽት በሚወጣ ኢንሱሊን ነበር። በዚያ ዘመን መርፌውን የከለከልነው ሕፃን ይሞትብን ነበር።

የጾሙንና የሥርዓቱን ነገር የሚወስነው የንስሐ አባት ነው። ፍትሐ ነገሥቱም ለታመመ ሰው በጾም ይራራለታል። የእኛ ምክር ግን ከመጠየቅ በፊት ማቆም አይገባም የሚል ነው። እየወሰዱ መጠየቅ ይቻላል፤ አቁሞ መጠየቅ ግን በጽንስ ላለች እናት ለሁለት ነፍስ አደጋ ነው። ይህ ኪኒን ጠዋት በባዶ ሆድ በውኃ ብቻ ተውጦ ከግማሽ እስከ አንድ ሰዓት ምግብም ቡናም ሳይቀመስ ይቆያል፤ ስለዚህ ለጿሚ ከባድ አይሆንም። ለሚቆርብ ሰው ግን ያች ጉንጭ ውኃ ጥያቄ ናትና ካህኑንም ሐኪሙንም አስቀድሞ ያማክር።

ጠበል ሲገቡ መድኃኒት የሚጥሉም አሉ። ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ እ.ኤ.አ. በ2007 በእንጦጦ ለሚጠመቁ የኤች አይ ቪ ሕሙማን ጠበሉንና መድኃኒቱን አብረው መውሰድ እንደሚችሉ ተናግረዋል። በዕጢው ኪኒን ላይ የተለየ ሕግ የሚያወጣ ማን ነው?

አሁን ደግሞ ከኪኒኑ ወደ ጓዳችን እንመለስ። አገራችን «በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ» የሚል ተረት ያላት ያለ ምክንያት አይደለም። ከጉና እስከ ጣና ዳር በክረምት ጎርፍ የሚታጠበው አፈር አዮዲኑም አብሮ ይታጠብበታል፤ ዕጢው ደግሞ ያለ አዮዲን ሥራውን መሥራት አይችልምና ያብጣል። እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመ አገር አቀፍ ጥናት ከ100 ተማሪ ልጆች 40 ያህሉ እንቅርት እንደ ነበረባቸው አሳይቷል። እስከ 1990 ዓ.ም. ጦርነት ድረስ ከአሰብ ይመጣ የነበረው ጨው አዮዲን ይጨመርበት ነበር። እርሱ ሲቋረጥ ገበያውን የያዘው የአፍዴራ ጨው ለብዙ ዓመት ያለ አዮዲን ተበላ። በ2003 ዓ.ም. የወጣው ደንብ ለምግብ የሚሸጥ ጨው ሁሉ አዮዲን እንዲኖረው አዘዘ። እኛ ጿሚዎች ከዓመቱ እኩሌታውን በሚጠጋ ጊዜ አዮዲን ከሚገኝባቸው ከወተትና ከእንቁላል ስለምንርቅ ጨዉ ከሌላው ሰው ይልቅ ያስፈልገናል። በጨው ውስጥ ያለው አዮዲን ጾም የሚያፈርስ፣ ከእንስሳም የመጣ አይደለም።

በእርግጥ ጨው ኪኒንን አይተካም፤ የደከመ ዕጢ ያላቸው እናታችንም በጨው ብቻ አይድኑም። አሁን የንስሐ አባታቸው መክረዋቸው፣ ሐኪሙም መጠኑን እንደ ገና አስተካክሎላቸው መድኃኒታቸውን ይወስዳሉ።

እኛም የሚከተለውን ተስማምተናል። ማንበብ ለማይችሉ እናቶችና አባቶች የመድኃኒት ወረቀት የሚያነቡ ሁለት ሁለት ልጆች እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በአዳራሻችን ይቀመጣሉ። በሐሙስ ገበያም እናቶቻችንን ስንከተል አዮዲን ያለበት መሆኑ የተጻፈበትን የታሸገ ጨው እናሳያቸዋለን። ጨዉን ሳያጥቡ፣ ክዳን ባለው ዕቃ ከጭስና ከፀሐይ አርቀው እንዲያስቀምጡ፣ ወጡም ሊወጣ ሲል እንዲጨምሩት እንነግራቸዋለን። ሙቀትና እርጥበት አዮዲኑን ያባርሩታልና። የሚያነቡ ልጆች ስማቸውን ለጸሐፊያችን ያስመዝግቡ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።