ሸክምን ማቅለልና ሸክምን ማዛወር

ሰው ሁሉ ኑሮው እንዲቀልለት ይመኛል። ይህን ምኞት ስንፍና ነው ብሎ የሚነቅፍ ቢኖር ተሳስቷል። ማልዶ ወጥቶ ማታ የሚገባ አባትና ከሥራ ተመልሳ ወዲያው ምድጃ አጠገብ የምትቆም እናት ድካማቸው ጥቂት ቢቀንስላቸው ከልጆቻቸው ጋራ የሚቀመጡበት ጊዜ ባገኙ ነበር። ልጅ ከእንጀራና ከልብስ ጋራ የወላጁንም ፊት ይፈልጋልና። ስለዚህ ጥያቄው ኑሮን ማቅለል ይገባል ወይስ አይገባም የሚል አይደለም። ከእኔ ትከሻ የወረደው ሸክም የት ደረሰ? የሚለው ነው። ወጣት አንባቢዎቼ ሆይ፤ ይህን የምጽፍላችሁ ሌላውን ለመውቀስ ሳይሆን በራሴ ቤት የሆነውን ለመናገር ነው።

የኑሮን ሸክም በእውነት የሚያቀሉ መንገዶች ሦስት ይመስሉኛል። አንደኛው መሣሪያ፥ ሁለተኛው ፍላጎትን መቀነስ፥ ሦስተኛው መረዳዳት ነው።

የመሣሪያን ጥቅም የተማርሁት ከእናቴ ነው። የተወለድሁት በወለጋ፥ ከጊምቢ ወዲያ በምትገኘው በቢላ ነው። እናቴ ልጅ ሳለች ዱቄት የሚገኘው ከድንጋይ ወፍጮ ነበር። ዶሮ ሳይጮህ ተነሥታ፥ ጎንበስ ብላ እስኪነጋ ትፈጭ እንደ ነበረ ነግራኛለች። በኋላ የሞተር ወፍጮ ሲመጣ የሌሊቱ ሥራ በጥቂት ደቂቃ አለቀ። ይህ እውነተኛ ማቅለል ነው። ከእናቴ ወገብ የወረደው ሸክም በሌላ ሴት ወገብ ላይ አልወጣም፤ ብረት ተሸከመው።

ዳሩ ግን መሣሪያ ብቻውን አይበቃም። ሩት ሽዋርትዝ ካወን የተባለች አሜሪካዊት የታሪክ ጸሐፊ በ1983 እ.ኤ.አ. ባሳተመችው መጽሐፍ የቤት ውስጥ መኪናዎች የአሜሪካን እናቶች እንዳላሳረፉ አስረድታለች። የልብስ ማጠቢያ መኪና በገባ ጊዜ ቀድሞ ለአጣቢ ይሰጥ የነበረው ልብስ ወደ እናቲቱ እጅ ተመለሰ፤ ንጽሕናም ከፊተኛው ይልቅ ስለ ተፈለገ እጥበቱ በዛ። በእኛም ዘንድ ወፍጮው ያተረፈውን ጊዜ ድግሱና የወጡ ዓይነት መብዛት ሊበላው ይችላል። ስለዚህ ሁለተኛው መንገድ፥ ማለት «ይህ ይበቃናል» ማለት ከመሣሪያው ጋራ ካልተባበረ የተረፈው ጊዜ በከንቱ ያልቃል።

ሦስተኛውን መንገድ የወለጋ ገበሬ ጠንቅቆ ያውቀዋል። በኦሮምኛ ዳዶ፥ በአማርኛ ወንፈል ይባላል። ዛሬ የአንዱ እርሻ ይታረሳል፤ ነገ የሌላው። ሸክሙ አይጠፋም፤ በተራ ይዞራል እንጂ። ዛሬ የተሸከመ ነገ ያርፋል።

እነዚህን ሦስቱን የሚመስል፥ ነገር ግን ከእነርሱ ያልሆነ አራተኛ መንገድ አለ። ይኸውም ሸክምን ከራስ አውርዶ «እንቢ» ለማለት በማይችል ሰው ላይ መጫን ነው። እኔ የሄድሁት በዚህ መንገድ ነው።

በነቀምቴ አስተማሪ ነኝ፤ ባለቤቴም የቢሮ ሠራተኛ ናት። ሁለተኛው ልጃችን በተወለደ ጊዜ ሥራው ከአቅማችን በላይ ሆነ። ስለዚህ ከቢላ አካባቢ ገጠር አንዲት የ13 ዓመት ልጅ አመጣን። ለአባትዋም የማታ ትምህርት እንደማስገባት ቃል ሰጠሁት። ቃሉን ስሰጥ አልዋሸሁም፤ የማደርገው መስሎኝ ነበር። ነገር ግን አንድ ቀን እንግዳ ይመጣል፤ አንድ ቀን ሕፃኑ ይታመማል፤ አንድ ቀን ሊጥ ይቦካል። እንዲህ እያለ ሁለት ዓመት አለፈ።

ልጅቱ ከሁላችንም በፊት ትነሣለች፤ ከሁላችንም በኋላ ትተኛለች። ውሃ ትቀዳለች፤ ትጋግራለች፤ ታጥባለች፤ ሕፃኑን ታዝላለች። ጧት ጧት የታላቂቱን ልጄን ቦርሳ ተሸክማ እስከ ትምህርት ቤቱ በር ትሸኛታለች፤ ከበሩም ትመለሳለች። ስንት ቀን ከዚያ በር እንደ ተመለሰች አስባችሁ ቍጠሩ። እኔ አስተማሪው ግን አልቈጠርሁም። ማታ ማታ ለልጄ መጽሐፍ ስለማነብላት ጓደኞቼ ያመሰግኑኝ ነበር። ጊዜ ከየት ታገኛለህ ብለው ሲጠይቁኝ ስለ ሰዓት አጠቃቀም እመክራቸው ነበር።

አንድ ጊዜ የቡናው ለቀማ ካለቀ በኋላ እናቴ ልትጠይቀን ከቢላ መጣች። ሦስት ቀን ምንም ሳትናገር ቤቱን ስታይ ሰነበተች። በሦስተኛው ማታ ልጅቱን አጠገብዋ አስቀምጣ ጠጉርዋን እየፈታች፥ ማን እንደሚያበጥራት በኦሮምኛ ጠየቀቻት። ልጅቱም «ማንም፥ አኮ፤ ጊዜ የለም» አለች። በማግስቱ እናቴ ለመሄድ ስትነሣ እንዲህ አለችኝ፤ «ልጄ፥ ቤትህ እንዴት እንዲህ ቀለለ እያልሁ ስደነቅ ነበር። ክብደቱ የት እንደ ሄደ ማታ በእጄ ዳሰስሁት።» ሌላ አልተናገረችም።

እኔ ግን ቀኑን ሙሉ በልቤ ስከራከር ዋልሁ። ከአባትዋ ቤት ይልቅ በእኛ ቤት ጠግባ ትበላለች፤ ደመወዝዋ ለቤተ ሰቦችዋ ይደርሳል፤ አልመታናትም፤ አልሰደብናትም። ይህ ሁሉ እውነት ነበር። ነገር ግን እውነት የሆነ ነገር ሌላውን እውነት ሊሸፍን ይችላል። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቍጥር 1156 ዕድሜው ከ15 ዓመት በታች የሆነ ልጅ እንዳይቀጠር ይከለክላል። የቤት አገልግሎትን ግን ለብቻው በሚወጣ ደንብ እንዲወሰን ትቶታል እያልሁ ራሴን አጽናናሁ። ሰው ለበደሉ ቀዳዳ በሚፈልግበት ጊዜ ሕግ አዋቂ ይሆናል።

ለተማሪዎቼ የማወሳቸው ሁለት ታሪኮች በዚያን ቀን ተመልሰው ከሰሱኝ። የመጀመሪያው የሮማዊው የካቶ ነው። ፕሉታርክ እንደ ጻፈው፥ ካቶ የመንግሥት ጉዳይ ካልሆነ በቀር ሚስቱ ሕፃኑን ስታጥብ አጠገብዋ ከመገኘት የሚያስቀረው ሥራ አልነበረም። ቤቱ ውስጥ የተማረ ባሪያ ሳለ ልጁን ፊደል ያስቈጠረው ራሱ ነው፤ ታሪክንም በገዛ እጁ በትልልቅ ፊደል ጻፈለት። ይህን ሳስተምር ደስ ይለኝ ነበር። ነገር ግን ይኸው ፕሉታርክ፥ ካቶ ያረጁ ባሮቹን ይሸጥ እንደ ነበረ ጽፎ ነቅፎታል። እኔ ግን የአባትነቱን ብቻ አስተምሬ፥ የጌትነቱን ሳልናገር አልፍ ነበር።

ሁለተኛው ታሪክ የአገራችን ነው። አስቴር ጋኖ በልጅነትዋ በባርነት የተያዘች ኦሮሞ ነበረች። በ1886 እ.ኤ.አ. ባሕር አሻግረው ሊሸጡዋት ሲወስዱዋት ነጻ ወጣች፤ በምፅዋ አጠገብ በእምኩሉም ትምህርት ቤት ገባች። ከዚያ በኋላ ከኦነሲሞስ ነሲብ ጋራ የኦሮምኛ ቃላት ሰበሰበች፤ ከሕዝብዋ አፍ በቃልዋ የያዘችው ተረትና ምሳሌ በ1894 እ.ኤ.አ. ለታተመው የኦሮምኛ ማንበቢያ መጽሐፍ ሆነ። እኔ ይህን ታሪክ በክፍል ስናገር፥ በወጥ ቤቴ የቆመችው ልጅ ስንት ተረት በልብዋ እንዳለ አንድ ቀን እንኳ አልጠየቅኋትም።

በዚያ ማታ ከባለቤቴ ጋራ ተቀምጠን የቤቱን ሥራ ሁሉ በወረቀት ላይ ጻፍነው። ስንመረምረው ብዙው ለእኛ ሳይሆን ለእንግዳ ዓይን የሚሠራ ሆኖ አገኘነው። ያንን ሰረዝነው። በአንድ ማዕድ አንድ ወጥ እንዲበቃን፥ እንጀራም በሳምንት ሁለት ቀን እንዲጋገር ወሰንን። ታላቂቱ ልጄ ቦርሳዋን ራስዋ ትሸከማለች፤ የበላችበትንም ሳሕን ታጥባለች። ሸሚዜን እኔ አጥባለሁ፤ ጎረቤት ቢስቅም ልምዱ አልከበደኝም። ልጆች ካሉዋቸው ሁለት ጎረቤቶቻችን ጋራም እንደ ዳዶ ተስማማን፤ ከሰዓት በኋላ ልጆቹ በተራ በአንዱ ቤት ይውላሉ። ልጅቱም በመስከረም የቀን ትምህርት ገባች። ከእርስዋ ቁመት በሚያንሱ ልጆች መካከል ተቀመጠች። ከትምህርት ስትመለስ ታግዘናለች፤ እገዛዋ ግን የቤት ታላቅ ልጅ ከምታደርገው አይበልጥም።

እውነቱን ልንገራችሁ፤ ቤታችን ዛሬ ከቀድሞው ይልቅ ከባድ ነው። አንዳንድ ማታ ደክሞኝ ገጽ ሳላነብ እተኛለሁ። ነገር ግን ክብደቱ የት እንዳለ አውቃለሁ። አንድ ቀን ልጅቱን ጠርቼ ስላጠፋሁባት ሁለት ዓመት ይቅርታ ጠየቅኋት። እርስዋም መሬት መሬት እያየች ጥቂት ዝም ካለች በኋላ፥ «ጋሼ፥ ደብተሬ አልቋል» አለችኝ። ደብተሩን ገዛሁላት። ሁለቱን ዓመት ግን የሚሸጥ ሱቅ የለም።

እናንተ ወጣቶች ነገ አባቶችና እናቶች ትሆናላችሁ። ሥራ ይበዛባችኋል፤ ጊዜም ያጥራችኋል። ያን ጊዜ መሣሪያ ፈልጉ፤ ፍላጎታችሁን ቀንሱ፤ ከጎረቤታችሁ ጋራ ተጋገዙ። ሰው ብትቀጥሩም ለአካለ መጠን የደረሰውን፥ በተገቢ ዋጋና በተወሰነ ሰዓት ቅጠሩ። ኑሮዬ ቀለለ ብላችሁ ደስ ባላችሁ ቀን ደግሞ በቤታችሁ መጨረሻ የሚተኛው ማን እንደ ሆነ ተመልከቱ። ያ ሰው የሰው ልጅ ከሆነ፥ የእናንተን ልጅ በእርሱ ቦታ አቁማችሁ አስቡ። ለልጃችሁ የማትፈቅዱትን ሸክም ለሌላው ልጅ ካሸከማችሁ፥ ኑሮአችሁ አልቀለለም፤ ዕዳ ሆነ እንጂ።