ከመጠምጠም መማር ይቅደም

ልጄ፣ ለርእሰ መምህርነት በመብቃትህ እንኳን ደስ ያለህ። የሰው ልጅ አደራ መቀበል ከባድ ሹመት ነውና እግዚአብሔር ያበርታህ። የሥዕልና የሙዚቃን ክፍለ ጊዜ ለሒሳብና ለፊዚክስ ማጠናከሪያ ልታውለው፣ የሥነ ጽሑፍ ክበቡንም ልታጥፈው ማሰብህን ሰማሁ። ይህን ያሰብኸው ለልጆቹ ተጨንቀህ መሆኑን አልጠራጠርም። ነገር ግን «ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» ይባላልና ከመወሰንህ በፊት ጥቂት ስማኝ።

ጭንቀትህ ከየት እንደመጣ ይገባኛል። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ውጤት ሲወጣ 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ከ100 ተፈታኝ 3 ያህል ብቻ ሆኑና አገር ደነገጠ። የተከታዩ ዓመትም አልተሻለም። ከዚያ ወዲህ ወላጅ ሁሉ የሚጠይቅህ «ስንት አሳለፍህ?» ብሎ ነው። ቀደም ሲልም በ2001 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲ ከሚገቡት 70 በመቶው ወደ ሳይንስና ቴክኖሎጂ፣ 30 በመቶው ወደ ማኅበራዊ ሳይንስና ሰብዓዊ ጥናት እንዲመደቡ ሲወሰን የታሰበው አገሪቱ የምትሻውን ባለሙያ ለማፍራት ነበር። በየቤቱ የተሰማው ግን ሌላ ነው። ጎበዝ ሳይንስ ይማራል፣ ያልሆነለት ታሪክና ቋንቋ ይማራል ተባለ። እንዲህ ያለ ወሬ ልጅ ጆሮ ሲገባ ልጁ ገና ያልቀመሰውን ትምህርት ይንቃል።

ለፈተና ማዘጋጀት ግዴታህ ነው። ሆኖም «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል»። መልሱን ሸምድዶ የገባ ልጅ ጥያቄው ሌላ ልብስ ለብሶ ሲመጣበት ይደናገራል። ብዙውን ጊዜ የሚያደናቅፈው ስሌቱ አይደለም፤ ጥያቄውን አንብቦ ምን እንደተፈለገ መረዳቱ ነው። ታሪክ አንብቦ ሐሳቡን በራሱ ቃል መናገር የለመደ ልጅ ፊዚክሱም ይቀለዋል። ስለዚህ ከሥነ ጽሑፍ ቀንሰህ ለሒሳብ የጨመርኸው ሰዓት ሒሳቡንም እንዳይጎዳብህ እፈራለሁ።

የአባቶቻችንን የቅኔ ቤት ተመልከት። ተማሪው ግስ ያወርዳል፣ አገባብ ያጠናል፤ ከዚያም ገለል ብሎ የራሱን ቅኔ ይቆጥራል። ባለ ሁለት ቤት ከሆነው ከጉባኤ ቃና ይጀምርና እያደገ ባለ ስምንት ቤት እስከሆነው መወድስ ይደርሳል። ትናንት ያሰማውን ዛሬ ቢደግም ማንም አይቀበለውም፤ የባልንጀራውንም ሰርቆ ቢያቀርብ ይታወቅበታል። መምህሩ በጉባኤ ፊት ያርመዋል፣ እርሱም እርማቱን ተቀብሎ በነጋታው አዲስ ይዞ ይመጣል። በአንድ ቃል ሁለት ምሥጢር መፈለግ፣ ከሌላው አፍ የወጣውን አድምጦ መመዘን፣ ሲታረሙ አለመኮሳተር፣ ይህ ሁሉ በየቀኑ ይለመዳል። እኛ ዛሬ «ፈጠራ» እና «በራስ ማሰብ» እያልን የምንመኘውን የቅኔ መዲና የሆኑት ዋሸራና ጎንጅ በሣር ጎጆ ሲያስተምሩት ኖረዋል።

«ጥበብ ለጠገበ ነው፤ እኛ ድሆች ነን» የሚልህ ይኖራል። ያ የቅኔ ተማሪ ደበሎ ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ፣ በየደጁ እየለመነ ባገኘው ኮቸሮ የሚያድር ነበር። ረሃቡ ቃላትን ከመመርመር አላገደውም። የደሃ ልጅ ጥበብ አያስፈልገውም ማለት ለደሃ ልጅ ሰውነት ይቀነስለት እንደማለት ነውና ይህን ቃል በትምህርት ቤትህ አታስነግር።

የሥነ ጽሑፍን ትምህርት ቃላት ከመሸምደድ አውጣው። ከክቡር ዶክተር ሐዲስ አለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» ልብ ወለድ ባላባቱን ፊታውራሪ መሸሻን አንሥተህ ልጆቹ ይፍረዱባቸው። አንዱ ይክሰሳቸው፣ ሌላው ይሟገትላቸው። በነጋታው ደግሞ ከሳሹን ተሟጋች፣ ተሟጋቹን ከሳሽ አድርገው። ልጅ የጠላውን ሰው ልብ ገብቶ «ይህ ሰው ስለ ምን እንዲህ አደረገ?» ብሎ ከጠየቀ ታላቅ ትምህርት ተምሯል። አገራችን በነገር ስትታመስ አይተናል። አንድ ወገን ብቻ መስማት የለመደ ወጣት ድምፁን ከፍ ያደረገ ሁሉ ይነዳዋል፤ ሁለት ወገን መስማት የለመደውን ግን በቀላሉ የሚነዳው የለም። «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» ያሉት አባቶች ይዘነው የምንሞትበትን ነገር አስቀድመን እንድንመረምር ሲመክሩን ነው።

ታሪክም እንዲሁ ነው። የዘመን ቁጥር ብቻ አታስጠናቸው። ገጣሚውና ጸሐፌ ተውኔቱ መንግሥቱ ለማ ለንደን ድረስ ሄዶ የተማረ ሰው ሆኖ ሳለ የአባቱን የአለቃ ለማ ኃይሉን ትዝታ ከአፋቸው ሰምቶ በመጽሐፍ አስቀረልን። ያን ባያደርግ ስንት የኑሮ ወግ፣ ስንት የሊቃውንት ጨዋታ አብሯቸው በተቀበረ! የአንተም ተማሪዎች አያቶቻቸውን ይጠይቁ። የገበሬውን፣ የሸማኔውን፣ የሸክላ ሠሪዋን ሕይወት በደብተራቸው ይጻፉ። መንዙማ ከሚያውቅ ቤት የመጣው ልጅም፣ በሌላ ቋንቋ ተረት ሰምቶ ያደገውም የቤቱን ይዞ ይምጣ። የአንዱን ቤት ሙሾና ሠርግ የሰማ ልጅ ያንን ቤት ለማቃጠል እጁ አይነሣም። «ያባቱ ቤት ሲዘረፍ አብሮ ይዘርፋል» የሚባለው ምን እንደወረሰ ለማያውቅ ሰው ነው። የራሱን ያላወቀ የሌላውንም አያከብርም።

ሥዕልንና ሙዚቃን በተመለከተ ሠዓሊውን የዓለም ሎሬት አፈወርቅ ተክሌን አስብ። በ1925 ዓ.ም. አንኮበር ተወልደው፣ ወደ እንግሊዝ የተላኩት የማዕድን ምህንድስና እንዲማሩ ነበር። እዚያ የነበሩ መምህራን ተሰጥኦአቸውን አስተዋሉና ወደ ሥዕል ትምህርት እንዲዞሩ አበረታቷቸው። በኋላ በአዲስ አበባው የአፍሪካ አዳራሽ 150 ካሬ ሜትር የሚሆነውን ባለቀለም የመስታወት ሥዕል ሠሩ፤ የአህጉሩን ያለፈ መከራ፣ ትግሉንና ተስፋውን አሳዩበት። ግንቦት 17 ቀን 1955 ዓ.ም. መሪዎች የአፍሪካ አንድነት ድርጅትን የመሠረቱት በዚሁ አዳራሽ ነው። ልጄ፣ በአንተ ትምህርት ቤት እርሳስ የሚጨበጥበት ክፍለ ጊዜ ከሌለ እንዲህ ያለውን ልጅ ማን ያስተውለዋል?

ሁሉም ሠዓሊ ይሁን፣ ሁሉም ያዚም አልልህም። ግን ሙያ ያለ ጥበብ «አንድ እጅ አያጨበጭብም» ነው። ልጁ ሐኪም ቢሆን ሕመምተኛዋ በእንጉርጉሮ መልክ የምትነግረውን ሕመም ማድመጥ አለበት። መሐንዲስ ቢሆን መንገዱ የሚያቋርጠውን ገበሬ በቃሉ ማሳመን አለበት። «የተማረ ይግደለኝ» ያሉት እናቶቻችን የተማረ ሰው ያመዛዝናል፣ ያስተውላል ብለው አምነው ነው። ለዚያ እምነት የማይበቃ ምሩቅ እንዳናወጣ እንጠንቀቅ።

እንግዲህ ምክሬ ይህ ነው። የጥበቡን ክፍለ ጊዜ አትንካ። አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት የክወናና የዕይታ ጥበባትን በስም አስቀምጦልሃልና በክፍለ ጊዜ ሰሌዳው ላይ ብቻ እንዳይቀር አድርግ። ፒያኖ የለንም ብለህ አትቁም፤ በሰፈርህ ክራር ደርዳሪ፣ ማሲንቆ መቺ፣ ዋሽንት ነፊ አይጠፋምና ጋብዘው፣ አክብረው፣ ለድካሙም ክፈለው። ቀለም ቢያጥር ከሰልና ሸክላ አፈር አለ። መጻሕፍት ቤቱን በቁልፍ አትዝጋው፤ የተበላሸ መጽሐፍ ካልተነበበ መጽሐፍ ይሻላል። ፊዚክስ አስተማሪው ሲጎድል ሥዕል አስተማሪውን ሰዓቱን ነጥቀህ አታሳፍረው፤ መምህሩ የተናቀበትን ትምህርት ተማሪው አያከብረውም። ወላጆችንም ሰብስበህ በዓመቱ መጨረሻ ልጆቻቸው የጻፉትን ሲያነቡ፣ የሣሉትን ሲያሳዩ፣ በመድረክ ሲከራከሩ አሳያቸው። «ስንት አሳለፍህ?» የሚለው አባት ልጁ በሰው ፊት ቆሞ ሲናገር ካየ ሁለተኛ ጥያቄ ይማራል።

«ከመጠምጠም መማር ይቅደም» ነው ነገሩ። የምስክር ወረቀት ጥምጥም ነው፤ ያስከብራል፣ ግን ከሥሩ ያለውን ራስ አይተካም። አንተ ራሱን አሳድግ።

ያስተማርሃቸው ይባረኩልህ። የሚያመዛዝን ዳኛ፣ የሚያደምጥ ሐኪም፣ እውነት የሚጽፍ ጸሐፊ፣ ጎረቤቱን የሚያከብር ገበሬና ነጋዴ ከደጅህ ይውጣ። ስምህን በክፉ የሚያነሣ አይኑር። እደግ፣ ተመንደግ።