እምቢ የማያውቅ ውሻ



አንድ ፍጡር የጠየቁትን ሁሉ በደስታ የሚፈጽም ከሆነ፣ ጠያቂው የት ላይ ማቆም ይገባዋል? ይህን ጥያቄ ከመጽሐፍ አላገኘነውም። በዚህ ክረምት ለዕረፍት ወደ ሆመቾ በተመለስንበት ጊዜ አንድ ውሻ አስነሣብን።

ውሻው መቻል ይባላል፤ የአንዳችን ቤተሰብ ውሻ ነው። በአገራችን ለውሻ የሚወጣው ስም ብዙውን ጊዜ ለጎረቤት የሚላክ መልእክት መሆኑ የታወቀ ነው። አባትዬው ይህን ስም ለማን እንደላኩት ብንጠይቃቸው ስቀው አለፉን። መቻል ግን ምንም ነገር የሚችል አልነበረም። ማታ ተለቅቆ ጃርትና ከርከሮ ወደ እንሰቱ እንዳይገቡ ይጠብቃል፤ ቀን ታስሮ ይውላል። ታስሮም ሰንሰለቱን ሲጎትትና መሬቱን ሲቆፍር ይውላል፤ ቀን የተፈታ እንደ ሆነ ደግሞ የተሰጣ ልብስ ያወርዳል፣ ዶሮ ያባርራል። ከዚያም «ይህ ቀበጥ!» ተብሎ ይመታል። በእኛ አስተያየት ግን ጥፋቱ ወጣትነቱ ብቻ ነበር። ጉልበት አለው፤ ጉልበቱን የሚያውልበት ሥራ የለውም። እኛም በዚያው ዕድሜ ላይ ስለሆንን ሳናዳላለት አልቀረንም።

በሌላው ዓለም እንዲህ ላሉ ውሾች ጨዋታ ተፈጥሮላቸዋል። በ1974 እ.ኤ.አ. አሌክስ ስታይን የተባለ ወጣት አሽሊ ዊፔት ከሚባል ውሻው ጋር ሎስ አንጀለስ ውስጥ በቤዝቦል ጨዋታ መካከል ሜዳ ገብቶ የፕላስቲክ ዲስክ ወረወረለት። ውሻው አየር ላይ እየዘለለ ሲቀልብ ጨዋታው ለደቂቃዎች ተቋረጠ፤ ባለቤቱም ተያዘ። የዲስክ ውድድር በሕዝብ ዘንድ የታወቀው ከዚያ ወዲህ ነው። አጂሊቲ የሚባለው የመሰናክል ሩጫ ደግሞ በ1978 እ.ኤ.አ. ለንደን ውስጥ በክራፍትስ የውሻ ትርኢት ላይ፣ ከፈረስ ዝላይ ተቀድቶ፣ ለተመልካች ማዝናኛ ያህል ቀረበ።

እኛም የባልዲ ክዳን አገኘንና ጀመርን። መጀመሪያ ስንወረውርበት ፈርቶ ከእንሰቱ ሥር ተደበቀ። ስለዚህ ምግቡን በክዳኑ ላይ አድርገን አበላነው፤ ቀጥሎ ክዳኑን በመሬት ላይ አንከባለልነው፤ ሲይዘው ወዲያውኑ ቁራጭ ዳቦ ሰጠነው። ወዲያውኑ መሆኑ ዋና ነገር ነው። ቆይተው የሰጡት እንደ ሆነ ውሻው የሚያያይዘው ከክዳኑ ጋር ሳይሆን በዚያች ደቂቃ ከሚያደርገው ጋር ነው። በሁለት ድንጋይ ላይ የባሕር ዛፍ አጣና አጋደምንና መዝለል አስተማርነው። ከመካከላችን አንዱ «አስርቡት፤ የራበው ቶሎ ይማራል፤ ውሻ በበላበት ይጮኻል» ብሎ ነበር። እኛ ግን በረኃብ የሚመጣ ታዛዥነት ከዱላው አይሻልም ብለን እምቢ አልን። በአንድ ወር ውስጥ መቻል መቆፈር ተወ። «የውሻ ትምህርት ቤት ተከፈተ እንዴ?» እያሉ ሲስቁብን የነበሩት አባትም በቀን ይፈቱት ጀመር።

እስከዚህ ድረስ ጥሩ ሰዎች ነበርን።

አንድ የገበያ ዕለት ከገበያ የሚመለሰው ሰውና ሕፃናቱ ሜዳው ዳር ቆመው ማየት ጀመሩ። አጣናው ከጉልበት በታች ነበር። ተጨበጨበ። ወደ ወገብ ከፍ አደረግነው፤ አሁንም ዘለለ፤ ጭብጨባው በረታ። ደረት ላይ ስናደርሰው የኋላ እግሩ እንጨቱን መታና በፊት እግሩ ላይ ወደቀ። ከዚያም ተነሥቶ፣ እግሩን አንጠልጥሎ እያነከሰ ሄደ፤ ክዳኑን አንሥቶ አመጣና እግራችን ሥር አስቀመጠው። እንድንወረውርለት ቀና ብሎ ያየን ነበር።

በዚያ ምሽት ተከራከርን። አንዱ «ማንም አላስገደደውም፤ ራሱ ፈልጎ ዘለለ» አለ። እውነት ነው፤ ፈልጎ ነው። ነገር ግን መቻል ገና ዓመት አልሞላውም፤ የወጣት ውሻ አጥንት አድጎ ሳይጨርስ ከፍ ያለ ዝላይ እንደሚጎዳው አያውቅም። የዓለም አቀፉ የውሾች ፌዴሬሽን ከ18 ወር በታች የሆነ ውሻ በአጂሊቲ እንዳይወዳደር የሚከለክለው ውሾቹ እምቢ ስላሉ አይደለም። ውሻ እንደ እኛ ላብ አያልበውም፤ ሙቀቱን የሚያስወጣው በይበልጥ በማለክለክ ነው፤ ጨዋታ የሚወድ እንደ ሆነ ግን ሙቀቱ እስኪጥለው ድረስ ይሮጣል። እንግዲህ እሱ የማያውቀውን «በቃ» የማለት ግዴታ በሚያውቀው ላይ ይወድቃል። የሰንበት ሕግ እንኳ ዕረፍቱን ለበሬውና ለአህያው ፈቃድ አልተወውም። (በማኅበራችንም አግዳሚ ወንበር የሚሸከመው ሁልጊዜ ያው አንድ ሰው ነው፤ እምቢ ስለማይል።)

እኅታችን ግን ከባዱን ጥያቄ አመጣች። «ሰንሰለቱንም ያሰሩለት ሰዎች እኮ ለእሱ እናውቅለታለን ብለው ነው። በምን ትለያላችሁ?» አለች። ብዙ ዝም አልን። ያገኘነው መልስ ፍጹም አይደለም፤ ይኸውም ሲከለከል የሚጎድልበት ማን ነው ብሎ መጠየቅ ነው። በሰንሰለቱ የጎደለበት እሱ ነበር፤ እኛ ልብሳችን ተረፈልን። አጣናው ዝቅ ቢል ኖሮ ግን የሚቀርብን የእኛው ጭብጨባ ነበር። እሷም «እንዲህ ከሆነ የእሱንም ደስታ ቀንሳችኋል» አለች፤ በዚህ ላይ ገና አልተስማማንም።

የእንስሳት ሐኪሙ ስብራት እንደሌለው ነግሮን ለሦስት ሳምንት አሳረፍነው። አሁን ክዳኑን የምናንከባልለው በመሬት ላይ ነው፤ ጠዋትና ማታ ለጥቂት ደቂቃ፣ እሱ ሳይሰለች እናቆማለን። አጣናው ዓመት ከመንፈቅ እስኪሞላው ድረስ ጣሪያ ሥር ተሰቅሏል። ተመልካቹም ቀርቷል።

በመስከረም ወደ ትምህርታችን እንሄዳለን። ሩጫ ያስለመድነው እኛ ነንና መልሶ እንዲታሰር አንፈልግም። እዚህ ከምትቀሩት መካከል ተራ የሚገባ እንፈልጋለን፤ እስካሁን የተመዘገቡት ሁለት ታናናሾቻችን ብቻ ናቸው።