ሁለት ደመወዝ፣ አንድ ቲን ቁጥር

ከሰሃላ ወጥታ ዩኒቨርሲቲ የጨረሰች ወጣት ነርስ አለች እንበል። ቀን ሰቆጣ በሚገኝ የመንግሥት ሆስፒታል በ9,000 ብር ደመወዝ ትሠራለች፤ ማታ ማታ ደግሞ በአንድ የግል ክሊኒክ ተቀጥራ 4,000 ብር ታገኛለች። የሆስፒታሉ ፔሮል ስለ ክሊኒኩ አያውቅም፤ የክሊኒኩም ሒሳብ ሠራተኛ የሚያየው የራሱን 4,000 ብር ብቻ ነው። ሁለቱም የየራሳቸውን በትክክል ሠርተው ድምሩ ሊሳሳት ይችላል። ሁለት ቦታ የሚሠራ ወጣት አስቀድሞ ይህን ይወቅ፤ 13,000 ብሩን በአንድ ላይ የሚያየው ራሱ ባለደመወዙ ነው።

ከመቀጠር በሚገኝ ገቢ ላይ ግብር የሚሰላው በሰውየው የወር ጠቅላላ ገቢ እንጂ በየቀጣሪው ተነጣጥሎ አይደለም። ከሐምሌ 2017 ዓ.ም. ጀምሮ በሥራ ላይ በዋለው የፌዴራል ማሻሻያ፣ በአዋጅ ቁጥር 1395/2017፣ የመጀመሪያው 2,000 ብር ከግብር ነጻ ነው። ከዚያ በላይ እስከ 4,000 ያለው በ15፣ እስከ 7,000 በ20፣ እስከ 10,000 በ25፣ እስከ 14,000 በ30፣ የቀረው በ35 በመቶ ይሰላል።

እንግዲህ ሆስፒታሉ ከ9,000 ብር 1,400፣ ክሊኒኩ ከ4,000 ብር 300 ይቆርጣሉ፤ ድምሩ 1,700 ነው። 13,000 ብሩ አንድ ላይ ሲሰላ ግን ግብሩ 2,550 ብር ይሆናል። ነጻው 2,000 ብርና ዝቅተኞቹ እርከኖች ሁለት ጊዜ ስለተቆጠሩ በየወሩ 850፣ በዓመት 10,200 ብር ይጎድላል። በእንግሊዝ አገር ሁለተኛው ሥራ ላይ ነጻው መጠን እንዳይደገም ግብር ሰብሳቢው መሥሪያ ቤት ለቀጣሪው ኮድ ይልክለታል። እዚህ ማሳወቅ የሠራተኛው ፋንታ ነው።

ያ 850 ብር ኪስ ውስጥ ሲገባ ትርፍ ይመስላል። አይበላ። የግብር ከፋይ መለያ ቁጥሩ (ቲን) አንድ ስለሆነ ሁለቱ ክፍያዎች አንድ ቀን አንድ ገጽ ላይ ይገናኛሉ፤ ያን ጊዜ የተጠራቀመው ዕዳ ከነወለዱ ሊጠየቅ ይችላል።

ሌላው ተቀናሽ ኮስት ሼሪንግ ነው። ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የምግብና የመኝታ ወጪውን፣ ከትምህርቱም ወጪ ድርሻውን ኋላ ሊከፍል ውል ይፈርማል። ሥራ ሲይዝ ቀጣሪው ከወር ገቢው ቢያንስ 10 በመቶ እየቆረጠ ለገቢዎች ያስገባል። ብዙ ምሩቅ ይህ ክፍያ ግብሩን የሚቀንስለት ይመስለዋል፤ አይቀንስም። ግብሩም የ7 በመቶ ጡረታውም የሚታሰቡት ኮስት ሼሪንግ ሳይነሣ ነው። የነርሷ የሆስፒታል ደመወዝ ግብር 1,400፣ ጡረታ 630፣ ኮስት ሼሪንግ 900 ተቀንሶ እጇ የሚገባው 6,070 ብር ነው።

ዕዳዋ 18,000 ብር ቢሆን በወር 900 እየተቆረጠ በ20 ወር ያልቃል። ክሊኒኩም 400 ከቆረጠ በ14ኛው ወር ይዘጋል። ችግሩ አንዱ ቀጣሪ ሌላው የቆረጠውን ስለማያውቅ ዕዳው ካለቀ በኋላም ሁለቱም መቁረጣቸውን ሊቀጥሉ መቻላቸው ነው። የተቆረጠን ገንዘብ ማስመለስ ደግሞ ከማስቆም ይልቅ ደጅ ያስጠናል።

ስለዚህ ሁለተኛ ሥራ የሚይዝ ወጣት በመጀመሪያው ወር ከሁለቱም ቀጣሪዎች ጥቅል ደመወዙንና የተቆረጠበትን ግብር የሚገልጽ ደብዳቤ ይያዝ፤ ወደ ገቢዎች ጽሕፈት ቤት ሄዶ ልዩነቱ በማን በኩል ይከፈል ብሎ ይጠይቅ፤ መልሱንም በጽሑፍ ይቀበል። ክሊኒኩ የሚከፍለው ደመወዝ ነው ወይስ የአገልግሎት ክፍያ የሚለውንም ውሉ ላይ ያረጋግጥ፤ ደመወዝ በሠንጠረዥ «ሀ»፣ የንግድ ሥራ ገቢ በሠንጠረዥ «ሐ» ነው የሚስተናገደው። መምህር የሆነ ደግሞ ኮስት ሼሪንጉን በገንዘብ ፋንታ በአገልግሎት የሚከፍልበት አሠራር ስላለ፣ መቆረጥ ከመጀመሩ በፊት ይጠይቅ።

የደመወዝ ወረቀት አይጣል። ኮስት ሼሪንጉ ሲያልቅ ወረቀቶቹን ደምሮ ክሊራንስ ይጠይቅ፤ ኮፒውንም ለሁለቱም ፔሮሎች ያስገባ። ዩኒቨርሲቲው ቴምፖውን፣ ማለትም ጊዜያዊ ዲግሪውን፣ በኦሪጅናል ዲግሪ ሲተካለትም የሚጠይቀው ይህንኑ ክሊራንስ ነው።